ምዕራፍ አራት

«እሷን ከላኳትማ ቀጥሎ ዶክትሬቱን ማን ይጽፍልኛል?» አለ አጎቷ ከመኝታ ቤቱ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሚጢ የተኮሰችውን ነጭ ሸሚዝ በማንጠልጠያው ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሚስቱ ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ፣ ለልጅቷ ዘንድሮ ተራው ያንቺ ነው ብለህ ቃል ገብተህላት አልነበረም ወይ፣ የትምህርት ዕድሉ ዝርዝርስ መቼ ነው የሚያልፈው ብላ ጠየቀችው። ዝርዝሩ ካለፈ ሁለት ሳምንት እንደሆነው፣ የፋብሪካው የትምህርት ዕድል ለሽያጭ ክፍል ሰው እንደተሰጠ፣ የሚጢን ስም ጭራሽ እንዳላስገባው ነገራት። ይህን ሲናገር ካልሲ እየፈለገ ነበር፤ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። «ደግሞስ እናቷን ጓሮ ቤት በነጻ አስቀምጬላት የለም እንዴ?» አለ። «ከዚህ በላይ ምን አድርግ ነው የምትይው?» ሚስቱ ጥቁሩ ካልሲ አልጋው ሥር እንደሆነ ብቻ ነገረችው።

ሚጢ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በስሟ የሚጠራት ዘመድ የለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሚጢ ናት፣ አጎቷ በሥራ ቦታም እንዲሁ ስለሚጠራት ለሥራ ባልደረቦቿም ሚጢ ሆና ቀርታለች። የምትሠራው በቆዳ ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ነው። ከየገንዳው የሚመጣውን ውሃ በጠርሙስ ተቀብላ ትመረምራለች፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፣ መዝገቡን ለፋብሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ትሰጣለች። ኃላፊው አጎቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ፋብሪካው አንድ ሠራተኛ በአካባቢ አስተዳደርና በአየር ንብረት ለውጥ ማስተርስ አስተምራለሁ ብሎ ፈተና ሲያወጣ አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች፤ አጎቷ ሦስተኛ። ደብዳቤው ሲወጣ ግን የእሱ ስም ነበር ያለበት። ያኔ ከእናቷ ጋር የምትኖርበት ጓሮ ቤት ድረስ መጥቶ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ እኔ ዘንድሮ ካልተማርኩ ምክትል ሥራ አስኪያጅነቱ ያመልጠኛል፣ የሚቀጥለው ዕድል ያንቺ ነው ብሏት ነበር። እናቷ ከጎን ሆና «እንዴታ፣ የትም አይሄድብሽም» አለች። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍል ገብቶ የሚቀመጠው አጎቷ ነው። የሚሰጠውን ወረቀት ሳይገልጥ አምጥቶ ጓሮ ቤቱ መስኮት ላይ ያስቀምጥላታል፣ ሐሙስ መጥቶ የተሠራውን ይወስዳል። እሷ መጀመሪያ በግዴታ አነበበችው፤ ኋላ ግን ነገሩ ልቧ ውስጥ ገባ። ጎርፍ ከየት እንደሚነሳ፣ ከተማ ለምን ከገጠር ይልቅ እንደሚግል፣ ከቆሻሻ ክምር ምን ዓይነት ጋዝ እንደሚወጣ፣ አንድ ፋብሪካ ከመከፈቱ በፊት ማን ምን መጠየቅ እንደሚችል። በየቀኑ ጠርሙስ ውስጥ ስታየው የኖረችው ውሃ ስም አገኘ፣ ሕግም አገኘ። የመመረቂያ ጽሑፉ ጊዜ ሲደርስ ርእሱን ራሷ መረጠችው፤ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ወንዙን ምን እንዳደረገው። አጎቷ ወደደው። ምዕራፍ አራት ላይ ሲደርሱ ግን፣ ውጤቱ የሚጻፈው እዚያ ነውና፣ እጅሽን ለስለስ አድርጊው፣ ሁሉም ከተፈቀደው በታች ይሁን አላት። እሺ አለችው። እሱ ቁጭ ብሎ የሚያጠናቸውን አሥራ ሁለት ስላይዶች እንዳለው አለሰለሰችለት። ተጠርዞ ለፈታኞቹ በሄደው መጽሐፍ ውስጥ ግን እውነተኛውን ቁጥር አስገባች። ክሮሚየሙ ከተፈቀደው አራት እጥፍ እንደሆነ፣ ማጣሪያው የሚሠራው ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ብቻ እንደሆነ፣ አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ያልተጣራው ሁሉ ከፋብሪካው ጓሮ ባለው ቱቦ ወደ ወንዙ እንደሚለቀቅ ጻፈች። አጎቷ እንደማያነበው ታውቅ ነበር። አማካሪው መምህርም አንብቤዋለሁ ብለው ፈረሙ።

መጽሐፉ ከሄደ ወዲህ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አልወረደላትም። እናቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትል ነበር፣ ጎረቤት ሲጣላ ለማስታረቅ። ያ ነገር እየመጣ ጆሮዋ ላይ ያቃጭላል። አጎቷ የእናቷ ወንድም ነው፤ ሕፃን ሆና ትከሻው ላይ ተሸክሟት ያውቃል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጋር የሚገጥሙ ሌሎች ስላይዶች ሠርታ፣ በፍላሽ ይዛ፣ በጠዋት ሸሚዝ ልተኩስልህ ብላ ገባች። ሁሉንም ልትነግረው ነበር። ቢፈልግ ታምሜአለሁ ብሎ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚያቀርብበትን የዛሬውን ቀን ያስተላልፋል፣ ቢፈልግ እውነቱን ይዞ ይቆማል። ቃላቱን ኮሪደሩ ላይ እየደረደረች ሳለች ነው ስለ ዶክትሬቱ የሰማችው።

ፍላሹን በቀሚሷ ኪስ ላይ ዳሰሰችው። ከዚያ እጇን አወጣች። በሩን በጣቷ መታ አድርጋ «ጋሼ፣ ሸሚዙ ደርሷል» አለች፣ ማንጠልጠያውን እጀታው ላይ ሰቀለችና ወደ ሳሎን ሄደች። ሁለት ሳምንት ሲያናውጣት የከረመው ነገር ቀጥ አለ። እንዲያውም ራባት። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ዳቦ ቆርሳ ቆማ በላች።

ሳሎኑ እንደ ሠርግ ቤት ሆኗል። ሶፋው ላይ አበባ ተቀምጧል፣ ጠረጴዛው ላይ ኬክ። ኬኩን ሚስቱ ነበረች ያዘዘችው፤ አጎቷ ክራቫቱን እያሰረ ወጥቶ ዋጋውን ጠየቀና፣ በዚህ ዋጋ እኮ ዳቦ ቤቱን ራሱን መግዛት ይቻል ነበር አለ፣ ግን እየሳቀ ነው። የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ እንደሚመጣ ትናንት ተደውሎለታል። ሰኞ የምክትልነቱ ደብዳቤ ይወጣል፤ የቀረው ይህ በፈታኞች ፊት የሚደረገው ዲፌንስ ብቻ ነው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉ ተገትሯል፣ ጥቁር ሽፋን፣ ስሙ በወርቅማ ፊደል። አጎቷ ከመጽሐፉ ያነበበው የምስጋናውን ገጽ ነው፤ እሱን ደግሞ ራሱ ነው ያስጻፋት። ለባለቤቴ፣ ለዋና ሥራ አስኪያጃችን፣ ለአማካሪዬ፣ በመጨረሻም በጽሕፈት ሥራ ለተባበረችኝ የእህቴ ልጅ ይላል። ሚጢ ዳቦዋን እያላመጠች ሽፋኑን ተመለከተችው። «ሚጢ፣ ያ ከቆሻሻ የሚወጣው ጋዝ ማን ነበር ስሙ?» አላት አጎቷ ከመስታወቱ ፊት ሆኖ። «ሚቴን፣ ጋሼ» አለችው። «ሚቴን፣ ሚቴን» እያለ ጸጉሩን አበጠረ።

እናቷ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ለብሳ ጓሮ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ያላት አንድ የክት ቀሚስ ነው። እጆቿን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት በቆዳ ፋብሪካው፣ ጸጉር በኖራ በሚላጭበት ክፍል፣ ቆዳ ስታጥብ የተላጡ እጆች ናቸው፣ ክረምት ከበጋ ይሰነጠቃሉ፣ ቅባት አይዘልቅባቸውም። በዚያ ደሞዝ ነው ወንድሟን ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው። ጡረታ ስትወጣ ስለ እጆቿ ካሳ ጠይቃ ነበር፤ ሕመሙ ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም የሚል መልስ መጣ፣ ደብዳቤው ላይ ከነበሩት ሦስት ፊርማዎች አንዱ የወንድሟ ነበር። እሷ ማንበብ ስለማትችል ፊርማውን አላየችም። ሚጢ አይታለች፤ ለእናቷ ግን ነግራት አታውቅም። በቤተሰቡ ውስጥ ያልተነገረ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው፣ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው ያመሰግናል።

አራቱም በአጎቷ መኪና ሄዱ። እናቷ ከኋላ ኬኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። ከዋናው መንገድ ወርደው ድልድዩ ላይ ሲደርሱ የወንዙ ሽታ ገባ። ሚስቱ መስኮቷን ዘጋች። አጎቷ ስለ መኪና ማቆሚያ እያወራ ነበርና አላስተዋለም። እናቷ ግን ወደ ወንዙ ዞር ብላ፣ «ዛሬም አርብ ነው፣ ከሰዓት ይለቁታል» አለች ለራሷ። ባለፈው ዓመት አርብ አርብ ከሚጢ ጋር እየወረደች ውሃውን በጠርሙስ ትቀዳ የነበረችው እሷ ናት። ሚጢ ብቻዋን እዚያ ገደል መውረድ ፈርታ ነበር፣ እናቷ ደግሞ የቱቦውን መንገድ እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች። ለወንድሜ ትምህርት ነው እያለች፣ የጎማ ጫማ አጥልቃ፣ ጠርሙሶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ከቀዳች በኋላ ለሦስት ቀን እጇ ያብጣል።

ዲፌንሱ የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መጋረጃው በአንድ በኩል ተቦጭቋል፣ ፕሮጀክተሩ እንደ ዝንብ ይጮሃል። ከፊት ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው፣ አማካሪው መምህር፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የውጭ ፈታኝ። የውጭ ፈታኟ ቀጭን፣ አጭር ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለዋል። ከፊታቸው ያለው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ብዛት ያለው ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ሚጢ ያንን ቢጫ ወረቀት ከኋላ ሆና አየችው። ሰው አንብቦታል። በሕይወቷ የጻፈችውን ሰው ሲያነብላት የመጀመሪያዋ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ዘግይቶ ገባና ከፊት ተቀመጠ፣ ሚጢና እናቷ ከኋላ ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል፣ ኬኩና አበባው መስኮቱ ላይ።

አጎቷ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ዓለም ሙቀት፣ ስለ መጪው ትውልድ፣ ስለ አረንጓዴ ኢንዱስትሪ ሲናገር ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱን ይነቀንቃል። ፋብሪካችን አርአያ ነው አለ፣ ቁጥሮቹ ይመሰክራሉ ብሎም ስድስተኛውን ስላይድ አሳየ። ሁለት ጊዜ ሚቴን አለ፣ አንዱ ያለ ቦታው ነበር። ሲጨርስ ተጨበጨበለት፣ እናቷ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች፣ የቆሰሉት እጆቿ ድምፅ ደረቅ ነው። ሰብሳቢው አመስግነው ዕድሉን ለውጭ ፈታኟ ሰጡ።

«ስድስተኛውን ስላይድ ይመልሱልኝ» አሉ የውጭ ፈታኟ። ተመለሰላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። «እዚህ ላይ ክሮሚየሙ ከተፈቀደው በታች ነው ይላል። መጽሐፍዎ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ አራት እጥፍ ይላል። የእርስዎ የትኛው ነው?»

አጎቷ ፈገግታው ሳይጠፋ መጽሐፉን አነሳ። ገጽ ስልሳ አንድን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ገጾቹ አዲስ ስለሆኑ ይጣበቃሉ። ሲያገኘው አነበበ። ሚጢ ከኋላ ሆና ጆሮው ሲቀላ አየች። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ትርፍ መጽሐፍ አንዱን ስቦ እሱም ገልጦ ማንበብ ጀምሯል፣ ጣቱ በመስመሮቹ ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አርብ ከሰዓት የሚለው ጋ ደርሶ ቆመ። ያን ጊዜ አጎቷ ያለበት ቦታ ለሚጢ ወለል ብሎ ታያት። እውነት ነው ቢል ወንበሩን ያጣል፣ ውሸት ነው ቢል ማስተርሱን። እሷ እንኳን ስታስበው ይህን ያህል የጠበበ አልመሰላትም ነበር።

«የጽሕፈት ስህተት ነው» አለ አጎቷ። ዞሮ በእጁ ወደ ኋላ አመለከተ። «የምትተይብልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ያው፣ ቁጥር ታምታታለች።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሚጢን ተመለከተ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፤ አሁንም አልቸኮለችም። የውጭ ፈታኟ ዞር ብለው አላዩም። ሠላሳ ስድስት ናሙና እንዳለ፣ ሠላሳ ስድስቱም ቁጥር በአንድ ወገን ሊሳሳት እንደማይችል፣ ደግሞም ከገጽ ስልሳ እስከ ሰባ ስምንት ያለው ሐተታ በሙሉ በዚያው ቁጥር ላይ እንደቆመ በዝግታ አስረዱት። አማካሪው መምህር ጣልቃ ገብተው፣ ተማሪው ምናልባት የራሱን መሥሪያ ቤት በድፍረት ለመተቸት አስቦ ይሆናል፣ ይህም የሚመሰገን ነው ሊሉ ሞከሩ፣ ነገር ግን አጎቷ ዋና ሥራ አስኪያጁን እያየ አይ፣ አይ፣ እንደዚያ ማለት አይደለም አለ። ዘንግ የጨበጠ ሰው መስሎ የስላይድ መቀየሪያውን ይዟል።

«እሺ፣ ቁጥሩን እንተወው» አሉ የውጭ ፈታኟ። «ውሃውን የቀዱት ከየት ነው?»

«ከወንዙ።»

«ከወንዙ የት ላይ?»

አጎቷ መቀየሪያውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ፕሮጀክተሩ ይጮሃል። ከድልድዩ አካባቢ አለ በመጨረሻ። መጽሐፉ ስለ ድልድይ እንደማያነሳ ነገሩትና እንደገና ጠየቁት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ውሃውስ ምን ይመስል ነበር። እየጠየቁት ድምፃቸው አልጠነከረም፤ ልጅ የጠፋበትን ሰው እንደሚጠይቁ ነው የሚጠይቁት። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ሚጢ ላቡን ጠብታ በጠብታ አየችው።

ያን ጊዜ ነው እናቷ የተነሳችው። ሚጢ አላሰበችውም ነበር፤ እጇን ዘርግታ ቀሚሷን ልትይዝ ሞከረች፣ አልደረሰችባትም። እናቷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለታላላቅ ሰዎች እንደሚደረገው ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«ይቅርታ አድርጉልኝና» አለች፣ «ሥራ ስለሚበዛበት ነው የማያውቀው። እኔና ልጄ ነን የቀዳነው። አርብ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከጓሮው ቱቦ ሥር። ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ይሞቃልም። ሃያ ሁለት ዓመት ስለሠራሁበት ቱቦውን አውቀዋለሁ። እሱ የት ጊዜ አለው? ጽሑፉንም እሷ ናት የጻፈችለት። ዘመድ አይደል፣ መረዳዳት ነው።»

እንዲህ ብላ ወንድሟን አየችው፣ ካጣብቂኝ እንዳወጣችው ሁሉ በኩራት። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የአጎቷ ሚስት አንገቷን ደፋች። የውጭ ፈታኟ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረው ሚጢን ተመለከቱና «እውነት ነው?» አሏት። ጊዜ ነበራት። እናቴ አርጅታለች፣ ነገር ይቀላቀልባታል ብትል ነገሩ በግማሽ ይድናል፤ የእናቷ መጠለያ፣ የራሷ ሥራ፣ ወደፊት በዚህ በር ተማሪ ሆና የመግባት ተስፋዋ፣ ሁሉም በዚያች ቃል ይተርፋል። አጎቷም ያንን ቃል እየጠበቀ ነው። ዓይኑ ሲለምናት አየች። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«እውነት ነው» አለች ሚጢ። «ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። የምስጋናው ገጽ ብቻ ነው የሱ።»

አንድ ሰው ሳል አለ። ሚጢ የተሰማት ፍርሃት መስሏት ነበር፣ ግን ደስታ ነበር፣ ክፉ ደስታ፣ ውሃ የጠማው ሰው ሲጠጣ ጉሮሮው ላይ እንደሚሰማው ያለ።

ሁሉም ወጥተው እንዲጠብቁ ተደረገ። ኮሪደሩ ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ አጎቷ አጠገብ ቆም ብሎ፣ ሰኞ ጠዋት ቁልፎቹን እንዲያስረክብ ነገረው። ስለ ምክትልነቱ አንድም ቃል አላነሳም። ደረጃው ጋ ሲደርስ ወደ ሚጢ ዞሮ «አንቺም» አላት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሰብሳቢው ወጥተው፣ ጽሑፉ እንደተያዘ፣ ጉዳዩ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደሚመራ፣ የጻፈችውም ያስጻፈውም ስማቸው እንደተመዘገበ አነበቡ። አጎቷ እየሰማ ያለ ሰው አይመስልም፤ ክራቫቱን ፈትቶ እንደ ገመድ እጁ ላይ ይጠቀልለዋል። የውጭ ፈታኟ ቦርሳቸውን ይዘው ሲወጡ ሚጢ ጋ ቆሙ።

«ስምሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሏት። «መጻፍ ነበረብኝ። ለሰው መጻፍም ማጭበርበር ነው። ምናልባት እዚህ አትማሪ ይሆናል።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጢ።

«ምዕራፍ አራት ግን» አሉ፣ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁና ወረዱ። መጽሐፉን ከነቢጫ ወረቀቶቹ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። ወንዙን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት እንደሚወስዱት ለሰብሳቢው ሲነግሩ ሚጢ ሰምታለች።

የአጎቷ ሚስት ኬኩን ፎቁን ለሚያጸዱት ሴቶች ሰጠችው። ተመልሳ ስትመጣ ሚጢ አጠገብ ቆመች፣ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞረው። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ እንደነበረች ታውቅ እንደሆነ ሚጢ ልትጠይቃት አስባ ነበር፣ ሴትየዋ ቀደመቻት። «ጥላሽን በበሩ ሥር አይቼው ነበር» አለች። «ለዚህ ነው ጮክ ብዬ የጠየቅሁት።» ባሏን ሳታየው ደረጃውን ብቻዋን ወረደች፣ የጫማዋ ድምፅ እስከ ታች ድረስ ይሰማ ነበር።

ሚጢና እናቷ በታክሲ ተመለሱ። ለእናቷ ነገሩ የገባት ኮሪደሩ ላይ ቆማ የወንድሟን ፊት ስታይ ነው። ሚጢ ቤተ ሙከራ አብራት ለምትሠራ ሴት ደወለች፤ ሴትየዋ ከፋብሪካው ማዶ ትርፍ ክፍል ነበራት፣ ውሃና መብራት ተጨምሮ የጠየቀችው ኪራይ የሚጢን የወር ደሞዝ ግማሽ ይሆናል፣ ደሞዝ የሚባል ነገር ካለ። ዛሬውኑ እንመጣለን አለቻት። ባዶ ጋሪ ይዞ ከሚያልፍ ሰው ጋር ተነጋግረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲመጣ ቀጠሩት። ጓሮ ቤቱ ሁለት ሰው ተዘርግቶ የሚተኛበት ብቻ ነው፤ ስድስት ዓመት የኖሩበት ቤት ዕቃ በሁለት ሻንጣና በአንድ ካርቶን አለቀ። እናቷ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«አውቀሽ ነው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አውቄ ነው።»

«እኔ እንደምናገርስ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ እማ። ያንን አላሰብኩትም።» ከዚያ ሚጢ ስለ ካሳው ደብዳቤ ነገረቻት። ሦስቱን ፊርማዎች፣ የመጨረሻው የማን እንደሆነ። እናቷ አንዱን ሹራብ አጥፋ ስትጨርስ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። መዳፏን ገልብጣ አየችው፣ እንደ ሰው ዕቃ።

አጎቷ የመጣው ጋሪው በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል። ሁልጊዜ ሲመጣ ከሩቅ ሚጢ ብሎ ይጣራ ነበር፤ አሁን ዝም ብሎ መጥቶ ደጃፉን ሞልቶ ቆመ። ሚጢን አላያትም። እህቱን ነው ያየው። እታለም፣ አለ፣ ልጅቷ ልጅ ናት፣ ክፉ ሰው መክሯት ይሆናል፣ አንቺ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነስተሽ፣ አሳድገሽኝ፣ እንዴት። እስከ ሰኞ ገና ጊዜ እንዳለ፣ ለኮሚቴው ተሳስቼ ነው፣ አርጅቻለሁ ብላ ብትናገርለት ነገሩ ሊስተካከል እንደሚችል፣ ለሚጢም ዕድሉን ከየትም ብሎ እንደሚያመጣላት ነገራት። ቤቱም የእነሱ ነው፤ ማን ውጡ አላቸው?

እናቷ ሻንጣውን ዘጋች። መቆለፊያው ስለሚያስቸግር በጉልበቷ ተጫነችው።

«ያቺ ሴትዮ የጠየቀችህ ከባድ ነገር አልነበረም» አለችው። ድምጿ ቁጣ የለውም። «ውሃው ከየት ነው አለችህ። እኔ እጄን ነክሬ፣ አንተ የተማርክበት ውሃ ነው። እሱን ታጣዋለህ?»

አጎቷ ወደ ሚጢ ዞረ፣ እንደ ሁልጊዜው መልሱን ከእሷ የሚጠብቅ ይመስል። ሚጢ የፍራሹን አንድ ጫፍ አንስታ ዓይን ዓይኑን አየችው። እናቷ ሌላውን ጫፍ ያዘች።

«ገለል በል» አለችው እናቷ። «ፍራሹ አያልፍም።»

ገለል አለ።